«የልብና የትንፋሽ መቆም» የሞት ምክንያት ነውን? በዘር ፍሬ ካንሰር ስለሚሞቱ ሰዎች አመዘጋገብ

ከሐዋሳ የላኩልኝን ጥያቄ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት በአጭሩ ላስቀምጠው። የ27 ዓመት ታናሽ ወንድምዎ በቀኝ የዘር ፍሬው ላይ ሕመም የሌለው እብጠት ወጥቶበት ለወራት ለማንም ሳይናገር ቆየ። በኋላ በቀዶ ሕክምና ወጣለትና የፓቶሎጂ ምርመራው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ኬሞቴራፒም ጀምሮ መሀል ላይ አቋረጠ። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሮት በከተማው ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ ተኝቶ ሳለ አረፈ። ከሆስፒታሉ የተሰጣችሁ ወረቀት የሞቱን ምክንያት «የልብና የትንፋሽ መቆም» ሲል፣ የቀበሌው ማስረጃ ደግሞ «በሕመም» ከማለት አላለፈም። እርስዎም ወረቀቱ ስህተት እንደሆነ፣ በዚህ ካንሰር በኢትዮጵያ የሚሞተው ሰው ጥቂት ነው የሚባለው እንደ ወንድምዎ ያሉት ሳይቆጠሩ እየቀሩ እንደሆነ፣ የቀሩት ሁለት ወንድሞችዎም መስጋት ይገባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እየተመኘሁ፣ የሞት ምክንያት አጻጻፍን ለሐኪሞች የማስተምር የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ እንደመሆኔ የማውቀውን ልመልስ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ውሸት አይደለም፤ የሞት ምክንያት ግን ሊባል አይችልም። በመኪና አደጋም ሆነ በወባ፣ በወሊድም ሆነ በእርጅና የሚሞት ሰው ሁሉ ልቡ ይቆማል፣ ትንፋሹም ይቋረጣል፤ ስለዚህ ይህ ሐረግ የሚነግረን ሰውየው መሞቱን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚተረጉመው መነሻ የሞት ምክንያት ማለት በቀጥታ ወደ ሞት ያደረሱትን ተከታታይ የጤና ችግሮች የቀሰቀሰው በሽታ ወይም ጉዳት ነው። አገሮች «በዚህ በሽታ ይህን ያህል ሰው ሞተ» ብለው የሚያወጡት አኃዝም የሚመነጨው ከዚህ መነሻ ምክንያት ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ ቅጽ የመጀመሪያ ክፍሉ አራት መስመሮች አሉት። በላይኛው መስመር በሽተኛውን በመጨረሻ የገደለው ሁኔታ ይጻፋል፤ ከሥሩ ያን ያመጣው፣ ከዚያም ሥር ያንኛውን ያመጣው እየተጻፈ እስከ መነሻው ድረስ ይወረዳል፤ በየመስመሩ አንጻርም ችግሩ ከጀመረ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይመዘገባል። ሁለተኛው ክፍል ለሞቱ አስተዋጽኦ ቢኖራቸውም በዚህ ተከታታይ ውስጥ የማይገቡ ሌሎች በሽታዎች የሚጻፉበት ነው። ከጥያቄዎ ጋር ያያያዙትን የሕክምና ማጠቃለያ እንዳነበብኩት ከሆነ፣ በወንድምዎ ቅጽ ላይ በመጀመሪያው መስመር የሳንባ ሥራ መድከም፣ በሁለተኛው ወደ ሁለቱም ሳንባዎች የተዛመተ ካንሰር፣ በሦስተኛው ደግሞ የቀኝ የዘር ፍሬ ካንሰር ከነሕዋሱ ዓይነት መጻፍ ነበረበት። ይህ ሦስተኛው መስመር ቢኖር ኖሮ ሞቱ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም ሲ62 በሚባለው መለያ ሥር ይገባ ነበር። መስመሩ ስለሌለ ግን ለጤና ዕቅድ ምንም በማይጠቅም ክፍል ውስጥ ገብቷል፤ በዘርፉ ያለን ባለሙያዎች እንዲህ ያሉ መለያዎችን ቆሻሻ ኮድ እንላቸዋለን።

የዘር ፍሬ ካንሰር ከብዙዎቹ ካንሰሮች ይልቅ በመዝገብ ላይ ለመሰወር የተጋለጠ ነው፤ ምክንያቱም የሚገድለው ከተነሣበት ቦታ ርቆ ነው። በሽተኛው በሚሞትበት ጊዜ የታመመው ፍሬ ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያች ሌሊት ተረኛ የሆነው ሐኪም በኤክስሬይ የሚያየው በሳንባው ውስጥ የተበተኑ ክብ ጥላዎችን ነው። የቀድሞው ካርድ ካልቀረበለት ወይም ሕመምተኛው በሌላ ከተማ የታከመ ከሆነ «የሳንባ ካንሰር» ብሎ መጻፉ አይቀርም። ልምድ ያለው መዝጋቢ የ27 ዓመት ወጣት በሳንባ ካንሰር ሞተ የሚል ወረቀት ሲደርሰው ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ይገባዋል፤ ጠያቂ ከሌለ ግን እንደተጻፈ ያልፋል።

በሆድ በኩልም ችግሩ ያው ነው። የዘር ፍሬዎች በጽንስነት ጊዜ የሚፈጠሩት ኩላሊት አካባቢ ስለሆነና ወደ ታች ሲወርዱም የደም ሥራቸውንና የሊምፍ መስመራቸውን ይዘው ስለሚወርዱ፣ ካንሰሩ መጀመሪያ የሚዛመተው ብሽሽት ላይ ወዳሉት ንፍፊቶች ሳይሆን ከሆድ ጀርባ በትልቁ ደም ቅዳ ዙሪያ ወዳሉት ነው። በዚያ የሚያድገው እብጠት ወገብ ያሳምማል፣ የሽንት ቧንቧ ይዘጋል፣ እግር ያሳብጣል፤ ሰውየው በኩላሊት መድከም ቢሞት በወረቀቱ ላይ የሚቀረው የኩላሊት መድከም ወይም «የሆድ ዕጢ» ይሆናል። አልፎ አልፎም በፍሬው ላይ የነበረው ዕጢ በራሱ ከስሞ ጠባሳ ብቻ ትቶ፣ የተዛመተው ክፍል ግን ማደጉን ይቀጥላል፤ እንዲህ ያለውን በሽተኛ በአልትራሳውንድ ካላዩት በስተቀር በእጅ ዳሰሳ መነሻውን ማግኘት አይቻልም። ኮሪዮካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት ደግሞ በቀላሉ የሚደማ በመሆኑ ወደ አንጎል ሲዛመት ድንገት ደም ፈስሶ ይገድላልና ሞቱ «ስትሮክ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ያለው መደባለቅ ነው። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ ወይም ከጉጂ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ አንድ ወጣት ከከሳ፣ ከሳለ፣ ሌሊት ካላበው፣ በአክታውም ደም ከታየ ማንም ሐኪም አስቀድሞ ቲቢን ማሰቡ ተገቢ ነው። ቲቢ ራሱም የዘር ፍሬን አካባቢ ሊያሳብጥ ስለሚችል እብጠቱ ቢታይ እንኳ ግምቱን ሊያጠናክረው ይችላል። አክታው ላይ ባክቴሪያው ሳይገኝ በኤክስሬይ ብቻ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ሕክምናው ላይ እያለ ከሞተ በቲቢ እንደሞተ ይቆጠራል። የዘር ፍሬውን በእጅ መዳሰስ ጥቂት ደቂቃ የማይወስድ ምርመራ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሙም በሽተኛውም ስለሚያፍሩ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህን በጽኑ እናገራለሁ፤ ክብ ክብ የሳንባ ጥላ ወይም የሆድ ጀርባ እብጠት ያለበት ወጣት ወንድ ሱሪውን አውልቆ ሳይታይ ከክፍል መውጣት የለበትም።

የቃላት አመራረጥም አኃዙን ይለውጠዋል። ሐኪሙ «ጀርም ሴል ቲዩመር» (ከዘር ሕዋሳት የሚነሣ ዕጢ) ብሎ የተነሣበትን አካል ሳይጠቅስ ቢተወው ሞቱ መነሻው ያልታወቀ ካንሰር ተብሎ ሲ80 ላይ ያርፋል። ከእነዚሁ ዕጢዎች የአንዱን ዓይነት ስም «ሴሚኖማ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ግን የምደባው መመሪያ ራሱ ወደ ዘር ፍሬ ይወስደዋል። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ በሽታዎች ሆነው ሳለ የአንዱ ሟች ተቆጥሮ የሌላው የሚጠፋው በአንድ ቃል ልዩነት ነው።

በሕክምናው ምክንያት ስለሚመጣ ሞት ብዙ ሐኪሞች ይጠይቁኛል። ኬሞቴራፒው ነጭ የደም ሕዋሳትን ቀንሶ በኢንፌክሽን ወይም ብሌኦማይሲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሳንባን ጎድቶ ሕመምተኛው ከሞተ፣ መነሻ ምክንያቱ ሕክምናው የተሰጠለት ካንሰር ነው፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ከላይ ባሉት መስመሮች ይገባል። ከካንሰሩ ድኖ ከ20 ዓመት በኋላ በልብ ሕመም የሚሞት ሰው ግን በልብ ሕመም ይቆጠራል፤ የቀድሞው ሕክምና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርገው ብናውቅም።

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ አኃዙን የሚያሳንስ ነው። በተቃራኒው የሚያበዛም አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ምላሼ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች የዘር ፍሬን ከሚያጠቁ ካንሰሮች በብዛት ቀዳሚው ሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር ነው። ይህ በሽታ በምደባው ከሊምፎማዎች ጋር መቆጠር ሲገባው ሐኪሙ «የዘር ፍሬ ካንሰር» ብሎ ከጻፈው ሲ62 ላይ ይደመራል። የሟቹ ቁጥር ትንሽ በሆነ በሽታ ላይ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ጥቂት ስህተት ክብደቱ ብዙ ነው። ነገሩን ለማሳየት ያህል ብቻ፣ በአንድ አካባቢ በዚህ ካንሰር በእውነት የሞቱት 10 ናቸው፣ በሌላ ምክንያት የሞቱት ደግሞ 50 ሺህ ናቸው እንበል። ከእነዚህ 50 ሺህ ውስጥ ከየ5 ሺሁ አንዱ ብቻ በስህተት ሲ62 ቢሰጠው 10 የሐሰት ሞቶች ይጨመራሉና አኃዙ እጥፍ ይሆናል። ከእውነተኞቹ 10 ሟቾች መካከል አራቱ ቢጠፉና አራት የሐሰት ቢገቡ ደግሞ ድምሩ ትክክል መስሎ ይታያል፤ የማን ሞት እንደተቆጠረ ግን ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። በዚህ የተነሣ የዚህን በሽታ አኃዝ በዕድሜ ከፋፍሎ ማየት የግድ ነው፤ ከ15 እስከ 44 ባለው ዕድሜ የተመዘገበ ሞት ከ75 በላይ ከተመዘገበው ይልቅ እምነት የሚጣልበት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ48 ሺህ በላይ የካንሰር ሟቾችን የሞት ወረቀት ከሆስፒታል ምርመራቸው ጋር አስተያይቶ፣ የካንሰሩ ዓይነት በትክክል የተመዘገበው 65 በመቶ ያህሉ ላይ መሆኑን አሳይቷል፤ በተለይ የፊንጢጣ ካንሰር ሞት የአንጀት እየተባለ ይጻፍ ነበር። እነሱ ግን ይህን ሊያውቁ የቻሉት እያንዳንዱ ሞት ወረቀት ስላለውና የሚያመሳክሩበት የካንሰር መዝገብ ስላላቸው ነው።

ወደ አገራችን አኃዝ ስንመጣ፣ በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 በዘር ፍሬ ካንሰር አዲስ የተያዙት 72 ሺህ ገደማ፣ የሞቱት ደግሞ 9 ሺህ ገደማ እንደሆኑ ተገምቷል። በሽታው በብዛት የሚታየው በሰሜን አውሮፓ ሲሆን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ በዓመት ከ100 ሺህ ወንዶች ወደ 10 የሚጠጉት ይያዛሉ፤ በአፍሪካ የሚያዘው ሰው በእርግጥም ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ «ጥቂት ነው» የሚለው አባባል መሠረት አለው፤ ሁሉም በአመዘጋገብ ጉድለት የመጣ ነው ብዬ ልነግርዎ አልችልም። ነገር ግን ስለ ኢትዮጵያ የሚያነቡት የሞት አኃዝ ከሞት ወረቀቶች ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። በዋናነት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የተገኘው የሕሙማን ቁጥር ለአገሪቱ ተሰልቶ፣ ከተያዙት ምን ያህሉ እንደሚሞቱ ደግሞ በሒሳብ ሞዴል ተገምቶ የወጣ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ራሱ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የመጨረሻ ቆጠራ ላይ ነው። ወንድምዎ በሐዋሳ ታክሞ በሐዋሳ ስላረፈ ከእነዚህ እርከኖች በአንዱም አላለፈም፤ ተቆጠረ ወይም ሳይቆጠር ቀረ ከማለት ይልቅ፣ አኃዙ እሱን ሳያይ የተሠራ ነው ማለቱ ትክክል ነው።

የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ጀምሯል፤ ሞትም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠበቃል። ሆኖም ተስፋ የለውም የተባለ ሕመምተኛ በቤተሰቡ ወደ ቤት ተወስዶ መሞቱ የተለመደ ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይፈጸማል፣ እድሩ ስሙን ከመዝገቡ ይሰርዛል፣ ምክንያቱን የሚጽፍ ሐኪም ግን በቦታው የለም። እንዲህ ላሉ ሞቶች ያለው መፍትሔ ሠልጥኖ የሚመጣ ጠያቂ ከአስታማሚው ቤተሰብ የሕመሙን ታሪክ የሚሰበስብበት የቃል ምርመራ ነው፤ በአዲስ አበባ የመካነ መቃብር ክትትልና በቡታጅራ ባሉ የጥናት ጣቢያዎች ለዓመታት ተሠርቶበታል። ጠቃሚ ዘዴ ቢሆንም ለዚህ ካንሰር ይጠብባል፤ በዓለም ጤና ድርጅት የቃል ምርመራ ዝርዝር ውስጥ የመራቢያ አካላት ካንሰሮች በአንድ ክፍል የተጠቃለሉ በመሆናቸው የማሕፀን በር ካንሰርና የዘር ፍሬ ካንሰር ተለይተው አይወጡም። በዚያ ላይ መልስ የምትሰጠው እናት ወይም እህት ሟቹ ከደበቀው አካል ይልቅ ስለ ሳሉና ስለ ክሳቱ ትናገራለች። ሀፍረቱ ይገባኛል፤ ግን ቢያንስ በነጻ ትረካው ክፍል «ቆለጡ ላይ እብጠት ነበረው፣ ኦፕራሲዮን ሆኗል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትገባ መዛኙ ሐኪም የሚደርስበት ድምዳሜ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ማረም ምን ይጠቅማል ለሚለው፣ ጥቅሙ የሚመነጨው በሽታው የሚድን ከመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሎረንስ አይንሆርን ሲስፕላቲንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ መስጠት ከመጀመሩ በፊት፣ ካንሰሩ ከተዛመተባቸው ሰዎች የሚድነው ከአሥር አንድ እንኳ በጭንቅ ነበር፤ ዛሬ ከተዛመተባቸው መካከል እንኳ ሕክምናውን በሥርዓቱ የጨረሱት ከአሥር ስምንት ያህሉ ይድናሉ። በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ የዚህ ካንሰር ሞት ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከግማሽ በላይ ሲወርድ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ግን ዘግይቶ ነው የወረደው። ይህ ልዩነት የታወቀው በሞት ወረቀቶች ላይ መነሻው በስሙ ተጽፎ ስለነበረ ነው፤ የመድኃኒቱ አለመድረስ በመዝገብ ላይ ታይቶ ተጠየቀ። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ወጣት ሲስፕላቲን አልቆ ወይም የመመላለሻ ገንዘብ አጥቶ ሕክምናውን አቋርጦ ሲሞት፣ ወረቀቱ ላይ ልቡ ቆመ ተብሎ ከተጻፈ መድኃኒቱ አልቆ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አብሮ ይቀበራል። በእኔ እምነት አንድ ሆስፒታል በዚህ ካንሰር ስለሞተበት እያንዳንዱ ከ45 ዓመት በታች ያለ ሰው ለምን እንደሞተ ተሰብስቦ ሊመረምር ይገባል፤ የእናቶችን ሞት እንደምንመረምረው ሁሉ።

ለእርስዎ የሚጠቅመው የመጀመሪያ እርምጃ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ሄደው የሕክምና ማጠቃለያውንና የፓቶሎጂ ውጤቱን ቅጂ መውሰድ፣ ከዚያም የሞት ወረቀቱን የሞላው ክፍል መነሻ ምክንያቱን ጨምሮ እንዲያርም በጽሑፍ ማመልከት ነው። ሐኪሙን ለመክሰስ እንዳልመጡ አስቀድመው ይንገሩ፤ ብዙዎቹ ወጣት ሐኪሞች ይህን ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ የተማሩት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ማስረጃው ሲቀርብላቸው ያርማሉ። የታረመውን ይዘው ወደ ቀበሌው የኩነት ምዝገባ ሲሄዱ የሚጠየቁትን ሰነድ የክብር መዝገብ ሹሙ ይነግርዎታል።

ስለ ወንድሞችዎ፣ የዘር ፍሬ ካንሰር ያለበት ሰው ወንድም በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ4 እስከ 10 እጥፍ ከፍ እንደሚል ልዩ ልዩ ጥናቶች ያመለክታሉ። የመነሻው ዕድል እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ እጥፉ ተቆጥሮም ከመቶ ወንድሞች አብዛኞቹ በሽታው ፈጽሞ አይነካቸውም፤ ስለዚህ በፍርሃት መኖር አያስፈልጋቸውም። በወር አንድ ጊዜ ሰውነታቸውን በሞቀ ውኃ ሲታጠቡ ሁለቱንም ፍሬዎች በጣቶቻቸው ይዳስሱ፤ ጠጣር ነገር፣ የመጠን ለውጥ ወይም የክብደት ስሜት ካገኙ ሕመም ባይኖረውም በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድ ይታዩ። ከሁለቱ አንዱ በልጅነቱ ፍሬው ሳይወርድ ቀርቶ ከነበረ አሁኑኑ ሐኪም ይየው። እብጠት ተገኝቶ ቡአ ነው ተብለው ከተመለሱ አልትራሳውንድ ሳይነሡ አይቀበሉ፤ ካንሰር ከተጠረጠረም በከረጢቱ በኩል መርፌ አስገብቶ ናሙና መውሰድ አይፈቀድም፣ ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው በብሽሽት በኩል ነው። ለሚያያቸው ሐኪም ሁሉ «ወንድማችን በዘር ፍሬ ካንሰር ነው የሞተው» ብለው ይንገሩ፤ የፓቶሎጂውን ቅጂም ያሳዩት።